ድምፅ የሌላት መኪና በሸኮ ዳገት

ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ስሸጥ ነው ዕድሜዬ ያለፈው። ልጆቼን ያሳደግኋቸው በዘይት ፊልትሮና በፍሬን ሸራ ነው። ስለዚህ ታናሽ ወንድሜ ጌታቸው ከሚዛን ተፈሪ ደውሎ፣ «እትዬ፣ አሮጌዋን ፒካፕ ሸጥኳት፤ በምትኳ ዕቃ የምትጭን የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ» ሲለኝ ደስ አላለኝም። ለገበያዋ አስባ ነው የሚለኝ ሰው ካለ ግማሽ እውነት አለው። ሌላው ግማሽ ግን ወንድሜን ስለማውቀው ነው። ጌታቸው አዲስ ነገር ካየ እንቅልፍ አይወስደውም።

ጊዜው ሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓ.ም.፣ የቡና ለቀማ ወቅት ነበር። መኪናዋ ከውጭ ገብታ አዲስ አበባ አንድ መጋዘን ውስጥ ቆማለች። ተረክቤ፣ አስጭኜ፣ እስከ ሚዛን ይዤለት እንድሄድ ለመነኝ። ለሠርጉ ከሄድኩ ወዲህ አገሩን አላየሁትም፤ እሺ አልኩት። ይህን የምጽፈው ወደዚያ የሚያስኬድ ጉዳይ ለሌላቸው ሰዎች ነው። ጎረቤቶቼ ሚዛንን የሚያውቋት በማሯና በቡናዋ ነው፤ እኔ ግን ከዚያ ጉዞ ወዲህ ስሟ ሲነሳ ትዝ የሚለኝ አንድ ዳገት ብቻ ነው።

አንደኛው ቀን

የኤሌክትሪኳ መኪና ከአዲስ አበባ የወጣችው በናፍጣ መኪና ጀርባ ታዝላ ነው። በራሷ ባትሪ ብትነሳ ወልቂጤን ሳታይ ትቆም ነበርና ሌላ መላ አልነበረም። የጭነት መኪናው ሹፌር ሙክታር የጅማ ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቀልድ የማያልቅበት። ገና ሰበታን ሳናልፍ በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየ፣ «እትዬ፣ ይቺ ሙሽራ መቼ ነው በእግሯ የምትሄደው?» አለኝ።

ወልቂጤ ኬላ ላይ ፖሊስ አስቆመን።

«ተበላሽታ ነው?»

«አዲስ ናት» አለ ሙክታር።

«አዲስ ከሆነች ለምን አትነዳም?»

«ሶኬት እስክታገኝ ነው፣ ጌታዬ።»

ፖሊሱ ሳቁን አፍኖ አሳለፈን። ምሳ እዚያው በላን። ክትፎው እኛ አዲስ አበባ በዚያ ስም ከምንበላው ጋር ዝምድናም የለው። ግቤ ቁልቁለት ላይ ግን አንዱ ገመድ ላላና መኪናዋ ወደ ጎን ተንሸራተተች። መንገድ ዳር ሙዝ የሚሸጡ ሁለት ሰዎች ሥራቸውን ጥለው ወጡና ከሙክታር ጋር ጠፍረው አሰሩልን። ለሻይ ብለን ብንሰጣቸው እንቢ አሉ፤ ይባስ ብለው ሙዝ በላዩ ጨመሩልን። እኛ ሰፈር ጎማ ለመንፋት የሚያግዝህ ሰው እንኳ አስቀድሞ እጁን ይዘረጋል።

ጅማ ያደርንበት ቤት ባለቤት ሴትየዋ ብርድ እንዳይመታኝ የራሷን ብርድ ልብስ አምጥታ ደረበችልኝ። መኪናዋን በመስኮት አይታ፣ «ቤንዚን አትጠጣም? ታዲያ ምን ትበላለች?» አለችኝ። መብራት አልኳት። «እሱንስ ማን አገኘው» ብላ መብራቱን አጥፍታ ወጣች።

ሁለተኛው ቀን

ከጅማ ቦንጋ፣ ከቦንጋ ሚዛን። ጉሙ እስከ ረፋድ አልተገለጠም። የካፋን ጫካ ላላየ ሰው መንገር ያስቸግራል፤ ዛፉ በዛፍ ላይ ነው፣ ከሥሩ ቡና፣ ከቡናው ሥር ኮረሪማ። እያየሁት ግን ያሰብኩት ሌላ ነገር ነው። ቦንጋ ማደያው በር ላይ በካርቶን «ናፍጣ የለም» ተብሎ ተጽፏል። ሙክታር ከጅማ በጀሪካን ይዞ ባይመጣ ኖሮ ሁለቱም መኪኖች፣ የሚያዝለውም የታዘለችውም፣ እዚያው ጫካ ውስጥ ይቆሙ ነበር።

ሚዛን ስንደርስ ይዘንባል። ሚዛን ሁልጊዜ ይዘንባል መሰለኝ። ጌታቸው ጥላ ይዞ መንገድ ላይ ቆሟል፤ ከስቷል፣ ግንባሩ ሰፍቷል፣ ሳቁ ግን ያው ነው። የጭነት መኪናውን ኋላ ከአንድ የአፈር ጉብታ ጋር አገጣጥመው፣ ሳንቃ ዘርግተው አወረዷት። ጌታቸው ቁልፉን አዞረና ድምፅ ሳይሰማ ወደ ፊት ተንቀሳቀሰች። ለማየት ከተሰበሰበው ሕዝብ አንዲት አሮጊት፣ «ሞተሩ ሞቷል እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጌታቸውም ሳቀ።

የወንድሜ ሚስት ታደለች የቤንች ልጅ ናት፤ እዚያው ሚዛን ተወልዳ ያደገች። ሞቅ ያለ ውሃ አቅርባ እግርሽን ካላጠብኩ አለችኝ፤ ብከለክላትም አልሰማችኝም። ራት ጎደሬ ከጎመን ጋር፣ የሚያስለቅስ ሚጥሚጣ ያለበት ዳጣ ቀረበ። በሻማ ነው የበላነው።

«መብራት ከትናንት ወዲያ ሄዷል» አለች ታደለች።

«መቼ ይመጣል?»

«ሲመጣ ይመጣል።»

እኛ ጋ መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ አንድ ላይ «ኡ!» ይላል፤ እዚያ ነገሬ ያለውም ሰው የለም። የመኪናዋ ገመድ ግድግዳው ሥር ተጠምጥሞ ተቀምጧል። ሳየው ወንድሜን ቀና ብዬ አየሁት፤ እሱ ወደ ምግቡ አቀረቀረ።

ከራት በኋላ ነገሩን አስረዳኝ። የጌታቸው እንጀራ አንድ መንገድ ነው። ከሚዛን ወደ ቴፒ ሲኬድ፣ ሸኮ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ዳገቱን ዞሮ እንደገና ቴፒ መንገድ ላይ የሚወጣ የአፈር መንገድ አለ። በዚያ ዳገት ላይ ቡና የሚለቅሙ ሰዎች ይኖራሉ። እሸት ቡናቸውን ወደ ቡና ማጠቢያ ጣቢያው የሚያወርድላቸው፣ ጨውና ሳሙና የሚያመጣላቸው፣ የታመመ ሰው ሲኖር ሚዛን ሆስፒታል የሚያደርስላቸው ጌታቸው ብቻ ነው። ከእሱ በቀር የሚወጣ መኪና የለም፤ የሚወጡት ሞተር ሳይክሎች ብቻ ናቸው። አሮጌዋ ፒካፕ ግን ናፍጣ ታሳድደው ነበር። ማደያው ከደረቀ ከጀሪካን ነጋዴ ይገዛል፤ የጀሪካኑ ናፍጣ ውሃ ተቀላቅሎበት ፓምፑን ይበላዋል። ያንን ፓምፕ ስንት ጊዜ እንደላክሁለት እኔ አውቃለሁ። በመጨረሻ ቱም ከተማ ላለ ነጋዴ ሸጣት።

«ናፍጣ በጠፋ ቁጥር ዳገቱ ላይ ያለው ሰው ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ?» አለኝ። «ቡናው ይበሰብሳል። የታመመው እዚያው ይቀራል። መብራት ቢያንስ ይመጣል። ናፍጣ ግን መጣ ብለሽ ስትሄጂ ሰልፉ አያልቅም።»

ያለው ውሸት አልነበረም።

ሦስተኛው ቀን

ረፋዱ ላይ መብራት መጣ። ገመዱን እንደሰካነው ብሬከሩ ወደቀ። ታደለች ማቀዝቀዣውን ነቀለች፣ ጎረቤቷን ደግሞ የእህል ወፍጮዋን ለጊዜው አቁማ እንድትተባበረን ለመንናት፤ እሺ አለች፣ እኛም ቀኑን ሙሉ ስናስሞላ ዋልን። ወፍጮ ቤት ተሰልፈው የነበሩ ሴቶች እህላቸውን ይዘው መጥተው መኪናዋ «ስትበላ» ቆመው አዩ። አንዷም አልተቆጣችም። ሶማሌ ተራ ቢሆን ኖሮ ጉድ ይፈላ ነበር።

ወደ ማታ ከተማውን ዞርን። ማደያው አጠገብ ባጃጆች ተደርድረዋል፤ ልጆቹ ቤንዚን በውሃ ፕላስቲክ ይገዛሉ። ሻይ ቤት ውስጥ ክርክር ተነሳ። አንድ አስተማሪ ይህ አገር ወንዝ እንጂ የነዳጅ ጉድጓድ የለውም፣ የሚያዋጣን መብራት ነው አለ። አንድ የጀንፈል፣ የደረቅ ቡና ነጋዴ ደግሞ፣ «ወንዙ እዚህ ነው፣ መብራቱ ግን አዲስ አበባ ነው ያለው» ብሎ መለሰለት። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ያውቃል ብለው መሆኑ ነው። እኔ ፊልትሮ ነው የማውቀው አልኳቸው።

ነድቻትም አየሁ። እውነቱን ለመናገር ታምራለች። አትንቀጠቀጥም፣ አትሸትም። እጄ ግን ማርሽ ይፈልጋል፣ ጆሮዬም የሆነ ነገር ይጠብቃል። እኔ የመኪና በሽታ በድምፅ የማውቅ ሰው ነኝ፤ ዝም ካለ ነገር ጋር ምን እንደምናገር አላውቅም።

አራተኛው ቀን

ረቡዕ ጠዋት ወደ ዳገቱ ወጣን። ባዶ ስለነበረች ጭቃውን እንደምንም ተወጣችው። ጌታቸው በየመታጠፊያው ፍጥነት እየቀነሰ ወደ ላይ፣ ወደ ቡናው ጫካ ያያል። መንገዱ ላይ ሰው የለም። ወትሮ በዚህ ሰዓት ጆንያ ይዘው የሚደረደሩበት ቦታ ላይ አንዲት ዶሮ ብቻ ትጭራለች።

«ሌላ ነጋዴ ገብቶብኛል» አለ። ፊቱ ተለዋወጠ። «ሁለት ሳምንት ባልመጣ ሸጡኝ።»

ከመንገዱ በላይ ካሉት ቤቶች የመጀመሪያው የአቶ ጳውሎስ ነው። የሸኮ ሰው ናቸው፤ ሸበቶ፣ ጠንካራ፣ ከጎናቸው ቢላዋ የማይለያቸው። ለወንድሜ እንደ አባት ናቸው፤ መጀመሪያ ወደዚያ ዳገት ሲወጣ አስተናግደው ከሰው ያስተዋወቁት እሳቸው ናቸው። ጌታቸው እየተናደደ ሽቅብ ወጣ፣ እኔም በጭቃው እየተንሸራተትኩ ተከተልኩት። አቶ ጳውሎስ ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጠው የማር ቀፎ በሐረግ ያስራሉ። ሲያዩን ብድግ አሉ።

«ጌታቸው! በእግር ነው የመጣኸው?»

«በመኪና ነው፣ አባባ።»

«መኪናው የት አለ?»

«ታች ቆማለች።»

አቶ ጳውሎስ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ወደ መንገዱ አዩ፣ ከዚያም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። በኋላ ነው የገባን። ከቤት እስከ መንገድ ያለው ቁልቁለት አስቸጋሪ ነው፤ ዝናቡ ደግሞ አይታመንም። ስለዚህ መንገድ ዳር ወርዶ መኪና የሚጠብቅ ሰው የለም። የአሮጌዋ ፒካፕ ማቃሰት ከታችኛው መታጠፊያ ሲሰማ ነው እሸቱ ጆንያ የሚገባው፣ ልብስ የሚቀየረው፣ የታመመ ካለም ቃሬዛ ላይ የሚወጣው። እሷ እየተጎተተች እስክትደርስ እነሱ መንገድ ላይ ናቸው። ስልክ በዚያ ተራራ እጥፋት ውስጥ አይሠራም፤ ስልካቸው የፒካፗ ጩኸት ነበር።

«ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ታስነጥስ ነበር» አሉ አቶ ጳውሎስ፣ በአፋቸውም ልክ እንደ እሷ አስነጠሱ። «ያን ስሰማ ጫማዬን አደርጋለሁ።»

«ክላቿ ነው» አልኳቸው። «ሳይቀይርላት የሸጣት ክላች።»

እሳቸውና እኔ ያኔውኑ ወዳጆች ሆንን። ግቢያቸው ጫፍ ላይ ቆመው በእጃቸው አፋቸውን ጋርደው ተጣሩ፤ ድምፃቸው ከቤት ወደ ቤት ተቀባበለና ሰው ጆንያውን እየተሸከመ መውረድ ጀመረ። ወንድሜ የሌለ ነጋዴ ሲረግም የቆየበትን አፉን ይዞ ሳቀ።

የአቶ ጳውሎስ ባለቤት ወይዘሮ ማርታ ከቡና ቅጠል የሚፈላ፣ ዝንጅብልና ቃሪያ የገባበት ጨሞ በቅል አቀረቡልኝ። አዲስ አበባ ቅጠሉን የሚጥል ሰው ይህን ቢቀምስ ያፍራል። ወንዶች ልጆቻቸው ሩቅ ባለው ማሳ ለቀማ ላይ ስለነበሩ አላገኘናቸውም። እዚያው እየጠጣን ጌታቸው መላ አመጣ። ከታችኛው መታጠፊያ ጀምሮ ጥሩንባ ያደርጋል።

«እሑድ ጸሎት ቤት ለሰው ሁሉ እናገራለሁ» አሉ አቶ ጳውሎስ። «ጥሩንባ ሲሰማ ጌታቸው ነው በሉ እላለሁ።»

ወይዘሮ ማርታ ዓርብ ስንመለስ ጨውና ሳሙና እንድናመጣላቸው አዘዙን። አቶ ጳውሎስም ቀፏቸውን እያሳዩኝ፣ «ይህን ረጅሙ ዛፍ ላይ እሰቅላለሁ። ስትመለሺ ባለፈው ዓመት ማር እሰጥሻለሁ» አሉኝ። እስከ መንገዱ ወርደው እጃቸውን እያወዛወዙ ሸኙን።

በሌላው በኩል ወደ ማጠቢያው መውረዱ ቀላል ነበር። እሸቱን አራገፍን። ባትሪው ግን ተሟጧል፣ መብራትም የለም። የማጠቢያው ዘበኛ አይቶን አዘነና መፈልፈያውን ከሚያንቀሳቅሰው ጄኔሬተር ገመድ ሳበልን። ጄኔሬተሩ በናፍጣ ነው የሚሠራው፤ ጭሱን ፊታችን ላይ እየተፋ ቴፒ የሚያደርሰንን ያህል መኪናችንን ሞላልን። ጌታቸው ወደ እኔ አላየም።

አምስተኛው ቀን

ቴፒ ሚዛንን አትመስልም፤ ይሞቃል፣ ይተኛል። ቀኑን እዚያ ያሳለፍነው ወደን አይደለም። ቴፒም መብራት የለም፤ የማጠቢያው ጄኔሬተር የሚነሳው እሸት ሲፈለፈል ብቻ ነው፣ እሸት የሚደርሰው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው። ያደርንበት ቤት አከራይ ሸካ ውስጥ ካለችው ጌጫ የመጣ ሰው ነው፤ የሸካን ማር ከነሰፈፉ በትሪ አቀረበልንና ካልጨረሳችሁ አለን። እኔ አዲስ አበባ ማር ስገዛ ስኳር እንዳለው ለማወቅ ክብሪት የምለኩስ ሴት ነኝ፤ እዚያ የምጠረጥረው ጠፋኝ።

ጨውና ሳሙናውን ገዛን። ሌሎችም ያዘዙት ነበረ፤ መኪናዋ ሞላች። ማጠቢያው ጋ ስንመለስ ጄኔሬተሩ ናፍጣ ጨርሶ ቀደም ብሎ ጠፍቷል። ባትሪው ሙሉ አልነበረም። «ያደርሰናል» አለ ጌታቸው። ድምፁ ውስጥ እርግጠኝነት አልነበረም።

ስድስተኛው ቀን

ዓርብ ዝናቡ ገና ከማለዳው ወረደ። ዳገቱ መጀመሪያ ላይ ስንደርስ ከቡናው ቅጠል የሚወርደው ውሃ መንገዱን ወንዝ አድርጎታል። ጌታቸው የፊት መብራቱን አጠፋ፣ ማራገቢያውን አጠፋ፣ መስታወቱን በጨርቅ እየጠረግሁለት ሄድን። በቴፒ በኩል ባለው ታችኛው መታጠፊያ ላይ ጥሩንባውን ነፋ። ቀጭን ድምፅ ነው፤ ዝናቡ ዋጠው። እንደገና ነፋ። በየመታጠፊያው ነፋ።

የአቶ ጳውሎስ ቤት ካለበት ቦታ ሥር ስንደርስ መንገዱ ላይ ማንም የለም።

«ማርታ ጨውዋን ትጠብቃለች» አልኩት። «ቆም በል።»

«እዚህ ከቆምኩ አትነሳም፣ እትዬ። ባትሪው አልቋል፣ ጭቃ ነው። ዝናቡ ከልክሏቸው ነው፤ ማክሰኞ አደርስላታለሁ።»

አንድ ጊዜ ረዘም አድርጎ ነፋና አለፍን። ወደ ላይ አየሁ፤ በዝናቡ ውስጥ የሙዝና የቡና ቅጠል ብቻ ነው የሚታየኝ። ቁልቁለቱን ስንይዝ መኪናዋ ያለ ድምፅ ተንሸራተተች። ሚዛን የገባነው በመጨረሻዋ ትንፋሿ ነው፤ ከተማው መግቢያ ላይ ባጃጅ እያለፈን ነበር። ማታ መብራት ነበር። ያ ሌሊት አንድ ጊዜም አልጠፋም።

ሰባተኛው ቀን

ጠዋት አንድ ባለ ሞተር በሩን አንኳኳ። ከሸኮ ነው የመጣው። ጌታቸው ከፈተለት፣ እኔ ከኋላው ነበርኩ።

«አቶ ጳውሎስ ዐረፉ» አለ ሰውየው፣ የራስ ቁሩን በእጁ ይዞ።

ታደለች ከጓዳ ሆና ሰምታ ጮኸች። ጌታቸው በሩን ይዞ ቆመ፤ ሰውየው ሌላ የሚናገር መስሎት ይጠብቃል።

ባትሪው ሞልቶ ስለነበር ሦስታችንም በእሷው ወጣን። የነዳው ወንድሜ ነው። ታችኛው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ አቆማት። ትኩር ብሎ መሪውን አየ።

«እትዬ፣ አንቺ ንጂ» አለኝና ወረደ።

መኪናዋን ቀድሞ በጭቃው ላይ ሽቅብ መራመድ ጀመረ። ከዚያም ጮኸ። «ጌታቸው ነኝ! እየመጣሁ ነው! ጌታቸው ነኝ!» እኔ ከኋላው ቀስ ብዬ እነዳለሁ፣ ታደለች አጠገቤ ታለቅሳለች። ድምፁ እስኪሰነጠቅ ድረስ በየመታጠፊያው ስሙን ጠራ። ሰዎች ከጫካው ወጥተው መንገዱ ዳር ቆሙ። ጆንያ የያዘ አልነበረም።

የሆነውን የነገረን ትልቁ ልጃቸው ዮናስ ነው። ዓርብ ማለዳ፣ ዝናቡ ሳይከፋ ቀፎውን ልስቀል ብለው ረጅሙ ዛፍ ላይ ወጡ፤ እርጥብ ቅርንጫፍ ከዳቸው። ሲያነሷቸው ይናገሩ ነበር፤ ቆይተው ግን ሆዳቸው ጠጠረና መናገር ተሳናቸው። ዓርብ መኪናው የሚመለስበት ቀን መሆኑን ሁሉም ያውቃሉ። በዚያ ዝናብ አውርደው ጭቃ ላይ ከሚያስተኟቸው፣ እንደ ወትሮው ቃሬዛውን አዘጋጅተው፣ ቤት ውስጥ በእሳት ዳር ይዘዋቸው፣ የመኪናውን ድምፅ ጠበቁ። ከታች ቀጭን ጥሩንባ ተሰማ። ልጆቹ እስከዚያ ጠዋት ድረስ ሩቁ ማሳ ለቀማ ላይ ስለነበሩ ስለ ጥሩንባው ምንም አልሰሙም። እሑድም ገና አልደረሰም። ባለ ሞተር መሰላቸው።

«እኔ እሱ ነው አልኩ» አሉ ወይዘሮ ማርታ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ወደ ማንም አያዩም። «ጥሩንባ ብሏል፣ እሱ ነው አልኩ። እናቴ፣ ያ ሞተር ነው፣ የጌታቸው መኪና ይጮኻል አሉኝ። እሷ እስክትጮኽ ጠበቅን።»

ዮናስ መሬት መሬት ያያል። ትልቅ ሰው ነው፣ የልጆች አባት፤ እንዲህ መግቢያ ያጣ ፊት አይቼ አላውቅም ነበር። ከሰዓት በኋላ መኪናው ሳይመጣ ሲቀር ቃሬዛውን ተሸክመው ወጡ። በዚያ አገር የአንዱ መንደር ሰው እስከ ድንበሩ ያደርስና ለሚቀጥለው መንደር ያስረክባል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ በዝናብ ወሰዷቸው። ሸኮ ሳይደርሱ ተሸካሚዎቹ ክብደቱ ሲለወጥ ታወቃቸው። ወደ ኋላ ተመለሱ።

ጌታቸው ወይዘሮ ማርታ እግር ሥር ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ያዘ። እሳቸውም እጃቸውን ራሱ ላይ ጣል አድርገው እንዲህ አሉት፦

«ዛሬስ ሰማንህ።»

በቁጣ አልነበረም የተናገሩት። በቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር።

በመዝሙር ቀበርናቸው፤ ከቤታቸው ጀርባ፣ ከቡናው መሐል። የገዛነው ጨው ለቀብር በመጣው ሰው ወጥ ውስጥ ገባ። ልንወጣ ስንል ወይዘሮ ማርታ በቅጠል የተጠቀለለ ማር በእጄ ላይ አኖሩ። «ቃል ገብቶልሽ ነበር» አሉኝ። አልቅሼ መቀበል እንኳ አቃተኝ፣ ታደለች ተቀበለችልኝ።

ስንመለስ መኪናዋን የነዳሁት እኔ ነኝ። ጌታቸው በመስኮቱ በኩል እያየ፣ «በዚህ ሳምንት ማደያው ባዶ ነበር» አለ። «አሮጌዋ ብትኖርም ላትወጣ ትችል ነበር። አይደል፣ እትዬ?»

እንድመልስለት ነው የጠየቀኝ። እውነቱን ነው፤ ላትወጣ ትችል ነበር። ልትወጣም ትችል ነበር። እየሠራ ያለ ሞተር ብሰማ ኖሮ የሆነ ነገር እለው ነበር ይሆናል፤ መኪናው ውስጥ ግን የእሱ ትንፋሽ ብቻ ነበር የሚሰማው።

ከተመለስኩ በኋላ

በማግስቱ በአውቶቡስ ተሳፈርኩ። አውቶቡሱ ያቃስታል፣ ይሸታል፣ ቦንጋ ላይ ውሃ ፈላበት፤ መንገዱን ሙሉ ያንን ጩኸት እንደ ጸሎት አዳመጥኩት።

አሁን ሱቄ መጥተው ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚጠይቁኝ አሉ። ያዋጣል ወይ፣ ናፍጣን ይተካል ወይ ይላሉ። አዲስ አበባ ለሚነዳ ሰው፣ መንገዱ ሜዳ ከሆነ፣ መብራትም ካለው ይሆናል እላለሁ። ስለ ሌላው ሲጠይቁኝ ሥራ አለብኝ እላለሁ። መኪና መተካት ቀላል ነው። ሰው በዚያች መኪና ዙሪያ ያበጀውን ኑሮ ግን ማን እንደሚተካው አላውቅም፤ ሻጩም አይነግርህም።

ወንድሜ መኪናዋን አልሸጣትም። የሚገዛው ቢያገኝም የሚሸጣት አይመስለኝም። ከወር በኋላ ደውሎ ዕቃ እንድልክለት ጠየቀኝ። የኤሌክትሪክ መኪና መለዋወጫ አይፈልግም ብሎ ሲኩራራብኝ የነበረ ሰው ነው። የጠየቀኝ የከባድ መኪና ጥሩንባ ነው፣ ከነአየር ጣሳው። መደርደሪያዬ ላይ ካሉት ትልቁን መርጬ፣ ራሴ ሞክሬው፣ ሰፈሩን አስደንግጬ፣ በሙክታር እጅ ላክሁለት።

ማክሰኞ ማታ ደወለ። ታችኛው መታጠፊያ ላይ ነፍቶት፣ ዳገቱ ሁሉ ሰምቶት፣ ሰው እንደ ድሮው ጆንያውን ይዞ ወርዶ ጠብቆታል።

«ማርታስ?» አልኩት።

«እሷም ሰምታ ወርዳ ነበር» አለኝ። «የምትጭነው አልነበራትም። ሄጄ እስካልፍ ድረስ መንገዱ ዳር ቆማ ነበር።»